ነጭ ጋዋንና ሰማያዊ ቱታ

ጓዶች! በየዶርሙና በየካፌው አንድ አነጋገር ይሰማል። «ሳይንቲስት አድማ አይመታም፤ ማኅበር የፋብሪካ ሰው ነገር ነው፤ የተማረ በዕውቀቱ ይከበራል» ይባላል። ይህን የሚሉት ነገ ነጭ ጋዋን ለብሰው በመንግሥት ላቦራቶሪ የሚቀጠሩት ናቸው። «አንተ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ምን አገባህ?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፦ ደመወዛችን ከአንድ ካዝና ነው የሚወጣው!

እስቲ አባባሉን በታሪክ እንፈትነው። ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በብሪታንያ ሳይንቲስቶች በ1918 ማኅበር ሲያቋቁሙ ራሳቸውን «የሳይንስ ሠራተኞች» ብለው ሰየሙ። ልብ በሉ፣ ሠራተኞች! ይህ ማኅበር በ1942 የአገሪቱን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ተቀላቀለ፤ ከማዕድን ቆፋሪውና ከባቡር ሠራተኛው ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ ማለት ነው። በዚያው በጦርነቱ ዘመን ፕሬዚዳንቱ የፊዚክስ ሊቁ ፓትሪክ ብላኬት ነበር። ብላኬት በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ታዲያ ክብሩ የቱ ጋ ቀነሰ?

የመንግሥት ሳይንቲስቶችና ኢንጂነሮች የታቀፉበት ሌላው ማኅበር ግን በ1919 ተመሥርቶ ወደ ኮንግረሱ የገባው በ1976 ነው። 57 ዓመት ሙሉ ብቻውን ቆየ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዳቦ ጋጋሪ አድማ በማግስቱ ጠዋት ይታወቃል። የአፈር ተመራማሪ ሥራ ቢያቆም ግን ማን ያውቅለታል? ጉዳቱ የሚታየው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ማሳው ሲነጥፍ ነው። አለቃው ይህን ስለሚያውቅ ተመራማሪው ብቻውን ሲጮህ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ አድማ አያዋጣውም የሚባለው ሰው ነው ከማንም ይበልጥ ትልቅ ማኅበር የሚያስፈልገው። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም ይባል የለ!

የ1981ዱ የብሪታንያ ሲቪል ሰርቪስ አድማ ይህን አሳይቷል። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የሠራተኛውን ደመወዝ ከግሉ ዘርፍ ጋር እያነጻጸረ የሚወስነውን የቆየ አሠራር ጣለው። 9 ማኅበራት፣ የሳይንቲስቶቹም ጭምር፣ ለ21 ሳምንታት አብረው ታገሉ። ዘዴያቸው ብልህ ነበር፦ ግብር የሚሰበሰብባቸውን ኮምፒዩተሮች የሚያንቀሳቅሱ ጥቂት ሠራተኞች ሥራ ያቆማሉ፣ ሥራ ላይ ያለው ከደመወዙ እያዋጣ ይደግፋቸዋል። ተመራማሪው በቤተ ሙከራው ያላገኘውን ጉልበት የኮምፒዩተር ሠራተኛው አዋሰው።

«መጨረሻው ግን ምን ፈየደ? የተገኘው ጭማሪ ኢምንት ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መንግሥት አልተንበረከከም። ግን ኅብረቱ ባያስፈራው ኖሮ ቀጥሎ የመጣውን ለምን አመጣው? በ1984 በቼልትናም ባለው የመገናኛ ስለላ ተቋሙ ውስጥ ማኅበርን ከለከለ። የሒሳብ ሊቁንም የቋንቋ ባለሙያውንም «ማኅበርህን ተው፣ 1,000 ፓውንድ ውሰድ» አለ። አብዛኛው ወሰደ፤ 14 ሰዎች ግን እንቢ ብለው ተባረሩ። ክልከላው የተነሣው በ1997 ነው። ዋጋ የሌለውን ነገር በ1,000 ፓውንድ የሚገዛ መንግሥት አለ እንዴ?

ትግሉ አላቆመም። በመጋቢት 15 ቀን 2023 የአየር ትንበያና የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎች አድማ ሲመቱ፣ መምህራን፣ ጀማሪ ሐኪሞችና የለንደን የምድር ባቡር ነጂዎችም በዚያው ቀን ሥራ አቁመው ነበር።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» እንዳትሉኝ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ሴክተር ሪቪውን ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ ታክሲ ነጂዎች ደግሞ በቤንዚን ዋጋ መወደድ አቆሙ። ጠመኔና መሪ አንድ ሰሞን ቆሙ! ያ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፣ ሪቪውንም አቆየው። መምህሩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ በልመና ማመልከቻ ይጽፍ ነበር።

ዛሬስ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የመደራጀትንና ሥራ የማቆምን መብት ካወጀ በኋላ፣ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሚጠቀሙበት በሕግ ይወሰናል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛን ከበር ይመልሰዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ ታሰሩ። እነዚህም የተማሩ፣ እነዚህም ጋዋን የለበሱ ነበሩ። ጋዋኑ ከእስር አዳናቸው?

የደመወዙን ነገር እንኳ እንተወው። መንግሥት የቀጠረው ሳይንቲስት «ይህ ውኃ ተበክሏል» ብሎ ሲጽፍና አለቃው «ሰርዘው» ሲለው ከጎኑ ማን ይቆማል? ዲግሪው? ዲግሪ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ ጠበቃ አያቆምም። ከጎኑ የሚቆመው ማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩንም የሚያቆመው ቱታ ለባሹ ያለበት ትልቁ ኅብረት ነው።

ስለዚህ ነገ ጋዋን የምትለብሱ ጓዶች፣ ከቱታው አትሽሹ። ሕጉ በሩን እንዲከፍት ዛሬ፣ ገና ደመወዝ ሳያስፈራን፣ እንጠይቅ።

የተማረው ይደራጅ! ከተደራጀው ጋር ይቀላቀል!