አንድ ሚስማር ይፈቀድ

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ቆየ ቤት ሳሎን የገባ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አያጣም። ከሶፋው በላይ በሲባጎ ታስሮ ወደ ፊት ዘንበል ያለ ፍሬም ተሰቅሏል፤ ጋዋን የለበሰች ልጅ ፈገግ ብላለች። ከጎኗ የወላጆቿ የሠርግ ፎቶ፣ ከፍ ብሎ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል፣ በሩ አጠገብ 13ቱን ወራት የደረደረ የቀን መቁጠሪያ። በትልቁ ፍሬም ጠርዝ ጉርድ ፎቶዎች ተሰክተዋል፤ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ሕፃን፣ አንዷ ዐረብ አገር የሄደች ዘመድ።

ይህን ሁሉ ጌጥ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ጌጥ ብቻ ቢሆን ግን መኝታ ቤቱ እንዲህ ባዶውን ባልቀረ ነበር። ምርጡ ፎቶ የሚሰቀለው ከእንግዳው መቀመጫ ፊት ለፊት ነው። የሳሎን ግድግዳ የቤተሰብ ምስክር ነው፤ ማን እንደተማረ፣ ማን እንደተዳረ፣ ቤቱ የየትኛው ታቦት ወዳጅ እንደሆነ ይናገራል። በሙስሊሙ ቤት የቅዱሱን ሥዕል ድርሻ የካዕባ ምስል ያለበት ምንጣፍ ይወጣዋል። እናት በራሷ አፍ «ልጄ ተመረቀች» እያለች ብትዞር ጉራ ይሆንባታል። ፍሬሙ ካለ ግን እንግዳው ራሱ ቀና ብሎ «ይቺ የመጨረሻዋ ናት?» ይላል፤ እሷም ተጠይቃ ነውና በደስታ ታወራለች።

ይህን ጥበብ ሐረሪዎች ከማንም በላይ አርቅቀውታል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባሉት ጥንታዊ ቤቶች የእንግዳ መቀበያው ክፍል ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ አሚር ነደባ የአባወራው ቦታ ነው። ከመደቦቹ በላይ ሳሕኖችና በሴቶቹ እጅ የተሠሩ ባለ ብዙ ቀለም ስፌቶች ግድግዳውን ይሞሉታል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያበስራል ይባላል። የመደቡ ቀይ ቀለም ደግሞ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ለወደቁት መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። የሠርግ ወሬና የሙት መታሰቢያ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ያለ አንድ ፊደል!

ምስክር ያለበት ቦታ ሁሉ ፍርሃትም አይጠፋም። ፎቶ ወደ ኢትዮጵያ ቤት የመጣው በቤተ መንግሥት በኩል ነው፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ፣ ልጃቸው ቶኒ ደግሞ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ነበሩ። የንጉሡ ምስል ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ሳሎን ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ ምስላቸውም በፍርሃት ከግድግዳ እየወረደ ሣጥን ውስጥ ገባ። አደባባዩን ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ያዙት፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የእነሱም ተራ ደረሰ። ፍሬም ሲነሳ ግን ጭስ ያልነካው፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ይቀራል። ጠንቃቃ እንግዳ እሱንም ያነበዋል።

ባሕር የተሻገረው ቤተሰብ የምስክሩን ቃል ይገለብጠዋል። አገር ቤት ግድግዳው «የት ደረስን» ሲል፣ ዋሽንግተን አካባቢ ባለ አፓርትመንት «ከየት መጣን» ይላል። እዚያ የሚሰቀለው ስፌት፣ ጭራ፣ ብራና ላይ የተሣለ ሥዕል፣ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ነው። ጎንደር ወይም ደሴ ያለችው እህት ጭራውን ሳሎኗ ለመስቀል አታስበውም፤ የት እንደተወለደች የሚጠይቃት የለምና።

ዛሬ ይህ ልማድ እየሳሳ ነው ሲባል ጣት የሚቀሰረው ስልክ ላይ ነው። በእርግጥ ፎቶ ማሳጠብ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን የምረቃና የሠርግ ፎቶ አሁንም ይታተማል፤ እንዲያውም ከድሮው ገዝፎ። ግድግዳውን ያራቆተው ይልቅ ኪራይ ነው። የኮንዶሚኒየም ተከራይ ቁልፍ ሲረከብ ከሚሰማቸው የመጀመሪያ ትእዛዞች አንዱ «ሚስማር እንዳትመቱ» የሚል ነው። ብሎኬቱና ኮንክሪቱም እንደ ጭቃ ግድግዳ በመዶሻ የሚደፈር አይደለም፤ ድሪል ይፈልጋል። ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ቤት የሚቀይር ሰው ለማን ብሎ ይበሳል? ሚስማር መምታት የሚኖርበት ሰው ሥራ እንጂ የሚያልፍ ሰው ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ባለ ጋዋኗ ልጅ ዛሬ ቡፌው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ቤት በተቀየረ ቁጥር በብርድ ልብስ ተጠቅልላ አይሱዙ ላይ ትጫናለች። ከጥቂት ጉዞ በኋላ መስታወቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ አልጋ ሥር ትገባለች። እንግዳው ሲመጣ የሚያየው ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ «ይቺ የመጨረሻዋ ናት?» የሚል ጥያቄም አይነሳም።

አከራዮች ሆይ፣ ውል ስትዋዋሉ ቢያንስ አንድ ሚስማር ፍቀዱ። ቀዳዳውን ተከራዩ ሲወጣ በስቱኮ ይደፍነዋል።