ስንት ሰዓት በርሯል?

ስለ ወጣት አብራሪ ችሎታ ክርክር በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነፍሱን ለሌላ ሰው ዐደራ ሰጥቶ የሚሳፈር መንገደኛ የአብራሪውን ልምድ ቢጠይቅ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ብዙ ሰው ቍጥሩን እንደ ሰማ ምርመራውን እዚያው ላይ ይዘጋዋል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን ወደ ናይሮቢ ሲያመራ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ሐዘኑ ሳይበርድ በውጭ አገር አንዳንዶች፣ ረዳት አብራሪው የበረረው 361 ሰዓት ብቻ ነው እያሉ ጣታቸውን ይቀስሩ ጀመር። የምርመራውን የመጀመሪያ ራፖር ልብ ብሎ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የተሳሳተ ምልክት የደረሰው መሣሪያ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ሲደፋው፣ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲቋረጥ ሁለት ጊዜ የተናገረው ያ ባለ 361 ሰዓት ወጣት ነው። 8,122 ሰዓት የበረረው ካፒቴንም ተስማማ። ቦይንግ ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ያዘዘው እርምጃ ይኸው ነበር። ሆኖም ፍጥነቱ አይሎ ስለ ነበር መዘውሩን በእጅ ለማዞር ቢሞከር እንቢ አለ።

በአሜሪካ ደግሞ የካቲት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ማስጠንቀቂያው ቢሰጥ፣ ካፒቴኑ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግ፣ ጥቂት ልዩ ፈቃዶች ቢኖሩትም፣ ለአየር መንገድ አብራሪነት 1,500 የበረራ ሰዓት ግዴታ አደረገ። የሚያስገርመው፣ ሁለቱም አብራሪዎች ከ2,000 ሰዓት በላይ የበረሩ ነበሩ! በጠራ ሰማይ በትንሽ አይሮፕላን አንድ ሜዳ ሲዞር የከረመም እኮ ሰዓቱ ይቈጠርለታል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የመናገር ድፍረት ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴነሪፍ ደሴት ሁለት አይሮፕላኖች በጉም ውስጥ መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። የሆላንዱ አይሮፕላን መሐንዲስ፣ ሌላው አይሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ የታወቀ የአብራሪዎች አስተማሪ ነው፤ አዎን ብሎ መለሰ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ ለተቀመጥን ወጣቶች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ እኛ ዝም ስንል ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ፋይል መሆኑ ነው።

አየር መንገዶች ከዚያ ወዲህ ታናሹ እንዲናገር፣ ታላቁም እንዲሰማ ማስተማር ጀምረዋል። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንደ ሰዓቱ ሁሉ ይህም ይለካ እላለሁ። ሲሙሌተር በሚባለው መለማመጃ ውስጥ ካፒቴኑ ሆን ብሎ ይሳሳት፤ አዲሱ አብራሪ ከመናገሩ በፊት ስንት ሰኮንድ ዝም እንዳለ ይመዝገብ። ካፒቴኑ የሰጠው መልስም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።