ነፃው ላይሰንስ ሲቋረጥ፦ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ኮምፒውተር ላይ ምን እየሆነ ነው?

ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም (በፈረንጆቹ ጁላይ 1፣ 2025) ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሁለት በሮች የተዘጉበት ቀን ነበር። አንዱን ሁላችሁም ሰምታችኋል፦ ዩኤስኤአይዲ የእርዳታ ሥራውን በይፋ አቁሞ የቀረው ሥራ ወደ አሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ሁለተኛው ግን ብዙም አልተወራለትም። ማይክሮሶፍት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነፃ ሲሰጣቸው የነበሩ ሁለት ዓይነት ላይሰንሶችን ማደስ ያቆመው ከዚሁ ቀን ጀምሮ ነው።

የመጀመሪያው በየዜናው ተነገረ። ሁለተኛው "የአይቲ ጉዳይ ነው" ተብሎ ታለፈ። ነገር ግን አንድ ትንሽ ድርጅት የተረጂዎቹን ዝርዝር፣ የሒሳብ ሰነዱን፣ ለለጋሽ የሚልከውን ሪፖርት ሁሉ የሚያስቀምጠው እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንየው።

👉 በትክክል የተቋረጠው ምንድን ነው?

ማይክሮሶፍት ለተመዘገቡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች "ቢዝነስ ፕሪሚየም" የሚባለውን ጥቅል እስከ 10 ሰው ድረስ በነፃ ይሰጥ ነበር። በጥቅሉ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑት ወርድና ኤክሴል፣ ኢሜይል፣ ክላውድ ማስቀመጫ፣ እንዲሁም ላፕቶፕ ቢሰረቅ ከሩቅ ሆኖ ዳታውን ለማጥፋት የሚያስችል የደህንነት መሣሪያ አለ። "ኦፊስ 365 ኢ1" የሚባል ሌላ ነፃ ጥቅልም ነበር። ሁለቱም ከሰኔ 24 በኋላ የእድሳት ጊዜያቸው ሲደርስ ይቋረጣሉ ተባለ። እድሳቱ በየዓመቱ ስለሆነ ሁሉም ድርጅት በአንድ ቀን አልተመታም። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ነው ነገሩ የገባው።

ለኩባንያው ፍትሐዊ እንሁን፦ ሁሉንም አልነጠቀም። "ቢዝነስ ቤዚክ" የሚባለው ጥቅል እስከ 300 ሰው ድረስ አሁንም በነፃ ይሰጣል። ኢሜይል አለው፣ ቲምስ አለው፣ ለእያንዳንዱ ሰው 1 ቴራባይት ማስቀመጫ አለው። በሌሎቹ ጥቅሎች ላይም እስከ 75 በመቶ ቅናሽ አለ።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ቤዚክ ውስጥ ወርድና ኤክሴል የሚሠሩት በብራውዘርና በስልክ ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ አይጫኑም። ኢንተርኔት ከሌለ ብራውዘር ላይ ያለው ወርድ የለም ማለት ነው።

ሲያትል አካባቢ ተቀምጦ ላሰበው ሰው ይሄ ትንሽ ልዩነት ሊመስል ይችላል። እኛ ጋ ግን አስቡት። ትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ውጭ ነበረች። አማራ ክልል ውስጥም በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ሰላም ባለበት ከተማ እንኳ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፑ ቻርጅ ስላለው ሥራ መቀጠል የሚቻለው ፕሮግራሙ እዚያው ላይ ተጭኖ ካለ ብቻ ነው። ድርጅቶቹ በጣም የሚያስፈልጉት ደግሞ ልክ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታና ጊዜ ነው።

👉 ሒሳቡ ስንት ነው?

ፕሪሚየሙን በቅናሽ መግዛት ለሚፈልግ ድርጅት ዋጋው ለአንድ ሰው በወር 5.50 ዶላር ገደማ ነው። ለ10 ሰው በዓመት 660 ዶላር።

"እንዴ፣ ይቺ ናት?" የሚል አይጠፋም። ግን ወደ ብር እንቀይረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር ሒሳቡ ከ38,000 ብር በታች ይሆን ነበር። ላይሰንሱ በተቋረጠበት ሰሞን ዶላር ከ130 ብር በላይ ስለነበር ከ85,000 ብር ያልፋል። ብሩ ቢገኝ እንኳ ኦንላይን በዶላር መክፈል የሚችል ካርድ ማግኘት ለአንድ ትንሽ የአገር ውስጥ ድርጅት ሌላ ጣጣ ነው።

ደግሞ ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ ይውጣ? ለጋሾች ገንዘብ የሚሰጡት በአብዛኛው ለፕሮጀክት ነው። ለውኃ ጉድጓድ፣ ለተማሪ ደብተር፣ ለእናቶች ሕክምና። "የኢሜይል ኪራይ" ብሎ ገንዘብ የሚሰጥ ለጋሽ ብዙ አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከፕሮጀክት ጋር በቀጥታ ያልተያያዘ የቢሮ ሶፍትዌር የሚገባው እዚህ 20 በመቶ ውስጥ ነው። ከኪራዩ፣ ከሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝና ከመኪና ነዳጁ ጋር እየተጋፋ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ የመጣው ደግሞ ገቢው ራሱ ሲቀንስ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ትራምፕ የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን ካገዱ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ፕሮጀክቶች ቆመዋል። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ድጋፍ ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ገደማ ሠራተኞችን ውል ማቋረጡ ይታወሳል። ገቢ ሲቀንስ 20 በመቶውም አብሮ ይቀንሳል። የሶፍትዌሩ ወጪ ግን ከዜሮ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ።

👉 ማይክሮሶፍት ብቻ ነው?

አይደለም። ሜታ "ወርክፕሌስ" የሚባለውን የመሥሪያ ቤት መገናኛ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነፃ ይሰጥ ነበር። በ2024 ግን አገልግሎቱን ጭራሽ እንደሚዘጋው አስታወቀ። ድርጅቶቹም ዓመታት ያጠራቀሙትን ንግግርና ፋይል ይዘው ሌላ ቤት ፍለጋ ወጡ።

ለወጣት አንባቢዎቻችን ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው ግን የ"ሃክ ክለብ" ታሪክ ነው። ሃክ ክለብ ኮዲንግ የሚማሩ ታዳጊዎችን የሚያሰባስብ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አባላቱ ለ11 ዓመት ገደማ የሚገናኙት በስላክ ነበር። መጀመሪያ በነፃ፣ በኋላ በዓመት 5,000 ዶላር ገደማ እየከፈሉ። በሴፕቴምበር 2025 ታዳጊዎቹ እንዳስታወቁት በዚያው ሳምንት ውስጥ 50,000 ዶላር፣ ከዚያም በዓመት 200,000 ዶላር ክፈሉ፣ አለዚያ የመልእክት ታሪካችሁን ታጣላችሁ ተባሉ። ጉዳዩ ኢንተርኔት ላይ ሲጋጋል ኩባንያው ወደ ኋላ ተመለሰ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ጩኸት ይሠራል። ሁለተኛ፣ የሚሠራው ግን ተሰሚነት ላለው ነው። ሃክ ክለብ ኮድ የሚጽፉና ኢንተርኔት ላይ ብዙ ተከታይ ያላቸው ልጆች አሉት። ሐዋሳ ወይም ደሴ ውስጥ 6 ሠራተኛ ያለው የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ቢጮህ ማን ይሰማዋል?

👉 ኩባንያዎቹ ግዴታ አለባቸው?

የለባቸውም። ስጦታ ስጦታ ነው። ግን ስጦታው ለሰጪውም ጥቅም እንደነበረው አንርሳ። አንድ ድርጅት 10 ሠራተኞቹን በአንድ ኩባንያ ዕቃ ሲያሠለጥን፣ ፋይሉን ሁሉ በዚያ መልክ ሲያስቀምጥ፣ ኢሜይሉን እዚያ ሲያደርግ፣ ነገ መውጣት ይከብደዋል። ነፃው ዘመን ደንበኛ የማላመጃ ዘመንም ነበር። ማይክሮሶፍት ስጦታው ከመቋረጡ አንድ ቀን በፊት በዘጋው የበጀት ዓመት ከ280 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢና ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አስመዝግቧል። ስለዚህ "አቅም አጥቶ ነው" ማለት አይቻልም። የንግድ ውሳኔ ነው።

አበው "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ይላሉ። በየዓመቱ በሌላ ሰው ፈቃድ የሚታደስ ነገር ላይ የቆመ ቢሮ፣ ፈቃዱ የሚቀርበትን ቀን ማሰብ ነበረበት።

👉 ያሉት አማራጮች

1ኛ፦ ክራክ። እውነቱን እንነጋገር፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይሄንን ነው። ለራስህ ላፕቶፕ "ምን ችግር አለው" ብለህ ይሆናል። ድርጅት ግን የሰው ምስጢር ይዟል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ስም፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች አድራሻ፣ የሕፃናት ፎቶ። ከማይታወቅ ቻናል የወረደ ክራክ ውስጥ ምን ተደብቆ እንደመጣ አታውቁም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ ይህን መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታም ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም እንዳቆመም አስታውሱ። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ክራክ ሲጨመር አደጋው እጥፍ ነው።

2ኛ፦ ነፃውን ቤዚክ መቀበልና ለጥቂት ሰው ብቻ መግዛት። ከ10 ሰው ውስጥ በእርግጥ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ኤክሴል የሚፈልገው ማነው? የሒሳብ ሠራተኛውና ሜዳ ላይ ያለው አስተባባሪ ይሆናሉ። ለ2 ሰው ሲገዛ 660 ዶላሩ ወደ 132 ይወርዳል። ለብዙ ትናንሽ ድርጅቶች በአጭር ጊዜ የሚያዋጣው ይሄ ይመስለናል።

3ኛ፦ ኦፕን ሶርስ። ሊብሬ ኦፊስ በነፃ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በአማርኛም አለ። ፋይል ለማጋራት ኔክስትክላውድ፣ የአባላትና የለጋሾችን መዝገብ ለመያዝ ሲቪሲአርኤም አሉ። "ይሄ ለትልቅ ሥራ አይሆንም" የሚል ካለ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የፋይዳ መታወቂያ ሲስተም የተመሠረተው ሕንድ ውስጥ በተሠራው ሞሲፕ የተባለ ኦፕን ሶርስ ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኦፕን ሶርስ ነው። ጀርመን ውስጥም የሽሌስቪሽ ሆልሽታይን ግዛት 30,000 ገደማ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬ ኦፊስ ለማዛወር በ2024 ወስኗል።

ግን ማጋነን አያስፈልግም። ሙኒክ ከተማ ወደ ሊኑክስ ከተዛወረች ከዓመታት በኋላ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስናለች። ኦፕን ሶርስ የላይሰንስ ክፍያ የለውም እንጂ ወጪ አለው። ሰርቨር የሚከታተል፣ ባክአፕ የሚያደርግ፣ "ፋይሌ ተበላሸብኝ" ሲባል የሚደርስ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ድርጅቱ ከአንድ ጥገኝነት ወጥቶ ወደ ሌላ ችግር ይገባል።

👉 ታዲያ ያ ሰው ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ እናንተን የሚመለከተው። በየዓመቱ ከኮምፒውተር ሳይንስና ከአይቲ ትምህርት ክፍል የሚመረቅ፣ "ልምድ የለህም" ተብሎ ሥራ የሚከለከል ወጣት ብዙ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ፋይሉን የሚያድንለት ሰው ያጣ ማኅበር አለ። ሁለቱ ቢገናኙ አንዱ ልምድ ያገኛል፣ ሌላው ከኪሳራ ይድናል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም ይመለከታችኋል፤ በበጎ ፈቃደኞች የሚመሩት የኢትዮጵያውያን ማኅበራት በተመሳሳይ ፕሮግራም ተጠቃሚ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጠይቁ።

ለጋሾችም ድርሻ አላቸው። ሪፖርት በኤክሴል፣ በየሦስት ወሩ፣ በዳታ ተደግፎ ላኩልን እያሉ የኤክሴሉን ወጪ "አስተዳደር ነው" ብሎ መግፋት አይሄድም። ዳታ ከጠየቁ ዳታው የሚቀመጥበትንም በጀት ይያዙ።

የምታውቁት ድርጅት ካለ ዛሬውኑ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልን፦

▪️ ላይሰንሳችሁ የሚታደሰው መቼ ነው?
▪️ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ የያዘው ማነው? ከሥራ ለቆ የሄደ ሰው እንዳይሆን።
▪️ ነገ አካውንቱ ቢዘጋ፣ የፋይሎቹ ቅጂ ሌላ ቦታ አለ?

የሦስተኛው መልስ "የለም" ከሆነ ስለ ሶፍትዌር ምርጫ ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። የተቋረጠ አካውንት ደረጃ በደረጃ ይዘጋል፣ በመጨረሻም ውስጡ ያለው ይሰረዛል። ላይሰንስ በኋላም ይገዛል፣ የጠፋ የተረጂዎች መዝገብ ግን አይገዛም።

በምትሠሩበት ወይም በምታገለግሉበት ድርጅት ይሄ ነገር ደርሶባችሁ ከሆነ እንዴት እንደተወጣችሁት ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። ለሚመለከተው ሼር አድርጉ።