መግደል ወይስ ማሳደግ?

በዚህ ወር ስለ ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር። የ11 ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው የቤት ሥራ ግን ሐሳቤን አስቀየረኝ። «በአገሩ ከፍተኛ ሽልማት ያገኘ አንድ ሳይንቲስት መርጣችሁ ታሪኩን ለክፍል ተናገሩ» ይላል። እሱ የሚያውቀው ሽልማት ኖቤልንና የዓመቱን ኮከብ ተጫዋች ነው። «እማዬ፣ አንድ ሰው ንገሪኝ፤ ግን ታሪኩ አሪፍ ይሁን» አለኝ። እኔም ከዓመታት በፊት አንብቤ ከልቤ ያልወጣውን የአንድ የሻንጋይ ሐኪም ታሪክ ነገርኩት።

ቻይና በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለሁለት ሰዎች ብቻ የምትሰጠው ከፍተኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሽልማት አላት። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ቤጂንግ በሚገኘው ታላቁ የሕዝብ አዳራሽ ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታዎ የ2010ን ሽልማት ሲያስረክቡ፣ ከተቀባዮቹ አንዱ የ86 ዓመቱ አዛውንት የደም ሐኪም ፕሮፌሰር ዋንግ ዤንዪ ነበሩ። ገንዘቡ ያኔ 5 ሚሊዮን ዩዋን ነበር። ከዚያ ውስጥ ተሸላሚው ያኔ ለራሱ ይወስድ የነበረው 500 ሺሕ ብቻ ሲሆን የቀረው ለምርምር ይውል ነበር። ልጄ ገና ከዚህ ጀምሮ ቅር አለው። «የራሱ ሽልማት አይደል እንዴ?»

የተሸለሙበት ሥራ አኪዩት ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ በሚባል የደም ካንሰር ላይ የሠሩት ነው። ስሙ ከባድ ነው፤ ነገሩ ግን ለወላጅ ይገባል። የደም ሴሎቻችን የሚወለዱት በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ ነው። ጥሬ ሆነው ይጀምራሉ፣ ይበስላሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ጊዜያቸው ሲደርስ ይሞታሉ። በዚህ በሽታ ግን አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴል ጉርምስናው ላይ ተቸክሎ ይቀራል። አያድግም፣ አይሞትም፣ መባዛት ብቻ ነው ሥራው። ታማሚው ከድዱ፣ ከአፍንጫው፣ ሲብስም አንጎሉ ውስጥ ይደማል። በጊዜው ከደም ካንሰሮች ሁሉ ፈጥኖ ከሚገድሉት አንዱ ነበር።

የነበረው መድኃኒት ኬሞ ነው፤ ኬሞ ደግሞ ሴሉን ይገድላል። በዚህ በሽታ ሴሎቹ ሲሞቱ በውስጣቸው ያለው ነገር ወደ ደም ስለሚለቀቅ መድማቱ ሊብስ ይችላል። ፕሮፌሰር ዋንግ ሌላ መንገድ ያዙ። የሴሉ ችግር አለማደጉ ከሆነ፣ ለምን አናሳድገውም? ሐሳቡ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። በእስራኤልና በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች አንዳንድ የደም ካንሰር ሴሎችን በቤተ ሙከራ ማብሰል እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ሻንጋይ ውስጥ ግን አሜሪካኖቹ የያዙት የቫይታሚን ኤ ዘመድ አይገኝም። የሚገኘው የከተማው ፋብሪካ ለቆዳ ሕመም የሚያመርተው ሌላው ዘመዱ፣ ኦል ትራንስ ሬቲኖይክ አሲድ ነበር። ያለውን ሞከሩ። ሴሎቹ በሰሉ። እጅ አጥሯቸው የያዙት፣ ኋላ እንደታየው፣ ከሁለቱ የተሻለው ሆኖ ተገኘ።

(ይህ ንጥረ ነገር ሌላው ስሙ ትሬቲኖይን ነው። አዎ፣ አንዳንዶቻችን ለፊታችን የምንቀባው ክሬም ውስጥ ያለው ራሱ!)

እ.ኤ.አ. በ1986 አንዲት የ5 ዓመት ሕፃን በዚሁ በሽታ ሆስፒታል ተኝታለች። ትደማለች፣ ያተኩሳታል፣ የተሰጣት ሕክምና አልያዘላትም። የፕሮፌሰሩ ባለቤትም የሕፃናት የደም ሐኪም ነበሩና ጉዳዩ ወደ ዋንግ ደረሰ። ይህን መድኃኒት ለዚህ በሽታ ከእርሷ በፊት የዋጠ ታማሚ አልነበራቸውም። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ሐኪሙን ነው፤ እኔ የማስበው ወላጆቿን ነው። ልጅ እየደማች አጠገቧ ቆሞ «እሺ፣ ይሞከር» ማለት! እኔ ለክትባት እንኳ ሁለት ሐኪም የምጠይቅ ሰው ነኝ።

ልጅቷ ዳነች። ከአሥርተ ዓመታት በኋላም በሕይወት ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1988 ቡድኑ በ24 ታማሚዎች ላይ ያየውን አሳተመ። በ23ቱ ላይ በሽታው በዚህ መድኃኒት ብቻ ከደማቸው ጠፋ፤ የቀረው አንዱ ትንሽ ኬሞ ተጨምሮለት ተሻለው። ግን እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ ብቻውን ሲሰጥ በሽታው በብዙዎች ላይ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ኋላ ከሀርቢን ከተማ ሐኪሞች የተገኘው አርሰኒክ፣ ያ የታወቀው መርዝ፣ በልክ ሆኖ ተጨመረበት። ሁለቱን በማጣመር ሥራ ግንባር ቀደም የነበሩት የዋንግ ተማሪዎች ባልና ሚስቱ ቼን ዡና ቼን ሳይዥዋን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በጣሊያንና በጀርመን የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽታቸው ለከፍተኛ አደጋ ያልደረሰ ታማሚዎች በሁለቱ መድኃኒቶች ያለ ኬሞ ታክመው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከ100 ዘጠና ዘጠኙ ገደማ በሕይወት ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

አንድ ነገር አደራ። ሕፃናት በጤና ጣቢያ የሚሰጣቸው የቫይታሚን ኤ ጠብታና ይህ መድኃኒት አንድ አይደሉም። ካንሰር ይከላከላል ብሎ ቫይታሚን ኤ ደጋግሞ ማጠጣት ጉበት ይጎዳል። ትሬቲኖይን ደግሞ በአፍ ሲወሰድ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች ክሬሙንም ቢሆን ሐኪም ሳይጠይቁ አይንኩ። ልጃችሁ ሳይመታ ሰውነቱ ከበለዘ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው አልቆም ብሎ ከደማ ግን አንድ የደም ምርመራ ብዙ ነገር ይናገራልና ዛሬ ነገ አትበሉ።

ፕሮፌሰር ዋንግ ለግኝታቸው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም። ልጄ እርሳሱን አስቀመጠ። «ቢያስመዘግብ ቢሊየነር ይሆን ነበር?» «ምናልባት።» «ታዲያ ሞኝ ነው?» ባለቤቴ ከወዲያ ክፍል ሳቀ። እኔ መብት ማስመዝገብን እንደ ኃጢአት አላይም፤ መድኃኒት መሥራት ገንዘብ ይበላል፣ የደከመም ዋጋውን ቢያገኝ ነውር የለበትም። ግን ያቺ ሕፃን የተኛችበትን አልጋ አስቤ «ሞኝ አይደሉም» አልኩት። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሽልማቱ የቆየበት ጊዜ ነው። ልጅቷ ከዳነች 24 ዓመት አልፎ ነው ያ መድረክ የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2024 የሪፐብሊኩ ሜዳሊያ ሲሰጣቸው ደግሞ 99 ዓመታቸው ነበር።

ትልቋ ልጄ በበኩሏ ከታሪኩ የወሰደችው ሌላ ነገር ነው። ወንድሟ ክፍሉን ሳያስተካክል በወጣ ቁጥር «ይሄም ጉርምስናው ላይ የተቸከለ ሴል ነው፤ ቫይታሚኑን ስጡት» ትለዋለች።

ሐሙስ ዕለት ክፍል ውስጥ አቀረበ። እንዴት ሆነ ብዬ ስጠይቀው ጥሩ ነበር አለኝ፤ አንድ ልጅ ብቻ «ያቺ ሕፃን አሁን ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ጠይቆት ሰሌዳው ላይ ቀንሶ አገኘው። «ምን ብለህ መለስክ?»

«ከእናቴ ጋር እኩያ ናት አልኩት።»