ቀን የሚቈርጥ ሹም አስቀድሞ እርሻውን ይመልከት

ሰው ሁሉ ሥራውን በቀን ይቈጥራል፤ ዕዳውንም በቀን ይከፍላል። ነገር ግን የቀን ቍጥር ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ዝናምና ፀሐይ የሚመሩት፥ ዘርና መከር የሚጠብቁት ነው፤ ሁለተኛው በመዝገብ የሚጻፍ፥ ማኅተም የሚታተምበት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲስማሙ አገር ይጠግባል፤ የመንግሥትም ገንዘብ ያለ ጭቅጭቅ ይገባል። ሲለያዩ ግን ጕዳቱ የሚወድቀው ቀኑን በቈረጠው ሹም ላይ ሳይሆን፥ ቀኑ በተቈረጠበት ገበሬ ላይ ነው። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድር፥ ወረዳ የሚጠብቅ፥ መሬቱንም ለእኩል አራሽ የሚሰጥ ሁሉ፥ የክፍያ ወይም የሥራ ቀን ከመቍረጡ በፊት እርሻውን መመልከት፥ ቀኑንም ተቀባዩ ሊሳሳትበት በማይችል አኳኋን መጻፍ ይገባዋል።

ይህ ነገር በሌሎች መንግሥታት ዘንድ የተፈተነ ነው። የቱርክ ኦቶማን መንግሥት ግብሩን አብዛኛውን ከመሬት ፍሬ ይቀበል ስለ ነበረ፥ ገቢው የፀሐይን ዓመት ይከተል ነበር፤ ለወታደሮቹ ደመወዝ የሚከፍለው ግን በጨረቃ ዓመት ነበረ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ፥ በ32 የፀሐይ ዓመት ውስጥ 33 የጨረቃ ዓመት ይገባል። እንግዲህ መንግሥቱ የ32 ዓመት መከር ተቀብሎ የ33 ዓመት ደመወዝ መክፈል ግድ ሆነበት፤ ይህም ትርፍ ዓመት በደረሰ ጊዜ ግምጃ ቤቱ ይራቈት፥ ወታደሩም ያጕረመርም ነበር። በህንድ አገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ አክበር የመሬትን ግብር በጨረቃ ዓመት መቀበል ከመከር ጋራ አለመስማማቱን አይቶ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1584 ዓመት በፀሐይ የሚቈጠር ዘመን አቆመ። በዚያ አገር ለመሬት ግብር ያገለግል የነበረው አቈጣጠር «ፈስሊ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የመከር ማለት ነው። የመንግሥት ገንዘብ ከእሸት እንደሚወጣ የተረዳ ንጉሥ መከሩን ወደ መዝገቡ አልጐተተም፤ መዝገቡን ወደ መከሩ አቀረበ እንጂ።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ዕድለኛ ናት። ዘመንዋ የፀሐይን ዓመት ይከተላል፤ 12ቱ ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው፤ 13ኛዋ ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። ዓመቱም በአራት ወቅት ተከፍሎአል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ እስከ መጋቢት 25፥ ፀደይ እስከ ሰኔ 25 ነው። ገበሬው ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ይልቅ በበዓል ነው። «ለኅዳር ሚካኤል አጭዳለሁ፤ ለጥር ሥላሴ እከፍላለሁ» ያለ ሰው፥ ቃሉ በወረቀት ከተጻፈ ውል አያንስም። ሙስሊሙ ገበሬም ለአረፋና ለመውሊድ ይቀጥራል፤ እነዚህ በዓላት በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደ ፊት ቀድመው ይመጣሉ። የቦረና አርብቶ አደር ደግሞ በጨረቃና በከዋክብት ቈጥሮ ለቀኖቹ 27 ስሞች አሉት። ሕዝቡ ቀን መቍጠር አያውቅም የሚል ሹም ቢኖር፥ የሚያስተዳድረውን ሕዝብ ገና አላወቀም።

ችግሩ የሚነሣው የመዝገቡ ቀኖች ብዙ በመሆናቸው ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይፈጸማል። ባንኮች ግን ሒሳባቸውን የሚዘጉት በአውሮፓ አቈጣጠር ጁን 30፥ ማለት ሰኔ 23 ቀን ነው። ከውጭ አገር የሚገዛ ማዳበሪያ ውሉም፥ የባንክ ዋስትናውም፥ የመርከቡም ቀጠሮ በአውሮፓ ቀን ይጻፋል። እንዲህ ሲሆን በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የበጀት ቀን፥ የባንክ ቀን፥ የውጭ ንግድ ቀንና የገበሬው በዓል ይገናኛሉ። ከእነዚህ አራቱ ዝናም የሚታዘዝለት ማንም የለም፤ ዝናምን የሚታዘዘው ግን የገበሬው ቀን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚመጣው የመጀመሪያው ጕዳት በዕዳ መቀበያ ቀን ይታያል። በብዙ አገር የእህል ዋጋ የሚረክሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፥ አውድማው በሞላ ጊዜ ነው፤ የሚወደደውም ከሐምሌ እስከ መስከረም፥ ጐተራው በጐደለ ጊዜ ነው። የመሬት ግብር፥ የማዳበሪያ ዕዳ፥ የማኅበር መዋጮና የቁጠባ ክፍያ ሁሉ በአንድ ወር ተጠራቅመው አውድማው ላይ ቢቆሙ፥ ገበሬው እህሉን በርካሽ ይሸጣል፤ በክረምትም ያንኑ እህል በውድ ይገዛል፤ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ገበሬ በስንፍና ደኸየ ሊባል አይቻልም፤ ያደኸየው የቀጠሮው ቀን ነውና። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመርቶ ሳለ ዋጋው እጅግ በመውደቁ፥ ብዙ ገበሬ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የተበደረውን መክፈል አቅቶት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙ ባጠረ ጊዜም፥ የጥጋቡ ዓመት እህል ስንቅ ሳይሆነው ቀርቶ በ1995 ዓ.ም. ሚሊዮኖች ርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ለዚህ መከራ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዕዳው ሁሉ በመከር ሳምንት መጠየቁ ሸክሙን እንዳከበደው የሚያስተባብል የለም።

«ገንዘቡ በእጁ ሳለ ካልተቀበልነው ገበሬው ለድግስና ለልብስ ይጨርሰዋል» የሚሉ ሹማምንት አሉ። ይህ ነገር ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ የመንግሥትም ሥራ ገንዘብ ሳይገባ አይቆምለትም። ነገር ግን መድኀኒቱ ዕዳውን መከፋፈል ነው። እኩሌታውን ከውቂያ በኋላ በጥር፥ የቀረውን ዋጋው በተነሣ ጊዜ በግንቦት እንዲከፍል ቢደረግ፥ በማኅበሩም መጋዘን በዋስትና የተቀመጠ እህል ቢኖር፥ አበዳሪው አያጣም፥ ተበዳሪውም አይራቈትም። ከብት ሸጦ ለሚከፍል ሰው ደግሞ የጾሙና የበዓሉ ቀን ይታሰብለት። በዐቢይ ጾም የሥጋ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ይሞቃል፤ የበግና የፍየል ዋጋ በአረፋ ዋዜማ ይወጣል። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት በሬውን አሽጦ ዕዳ የሚቀበል ሹም፥ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሚመለሰውን ዋጋ ከገበሬው እጅ ቀምቶ ለነጋዴ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ጕዳት የሚመጣው ቀንን ወደ ፊት ብቻ ከመቍጠር ነው። የጽሕፈት ቤት ልማድ ዛሬ ደብዳቤ ጽፎ መልሱን መጠበቅ ነው፤ የእርሻ ልማድ ግን ከዘር ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ መቍጠር ነው። ስንዴና ጤፍ በብዙ ደጋና ወይና ደጋ አገር ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በሐምሌ የሚዘራ ከሆነ፥ ማዳበሪያው በግንቦት በቀበሌው መጋዘን ሊገኝ ይገባል። በግንቦት እንዲገኝ በሚያዝያ ከዩኒየኑ መጋዘን መነሣት አለበት፤ ለዚያም አስቀድሞ ከጅቡቲ ወደብ መጓዝ፥ ከዚያም በፊት በመርከብ መጫን፥ ከዚያም በፊት ጨረታው ተፈጽሞ የውጭው ገንዘብ መፈቀድ ያስፈልገዋል። በቆሎ ቀድሞ የሚዘራበት አገር ከሆነ ይህ ሁሉ አንድ ወር ከዚያም በላይ ይቀድማል። በ2015 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ የማዳበሪያ እጥረትና መዘግየት በብዙ ወረዳ ገበሬውን አስጨንቆት ነበር። ከዘር በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ በመዝገብ «ተሰራጭቶአል» ተብሎ ይጻፍ ይሆናል፤ በማሳው ላይ ግን እንዳልመጣ ይቈጠራል፤ ዕዳው ብቻ ይቀራል።

የበጀቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ገንዘቡ ሐምሌ 1 ቀን ሲከፈት ዝናሙ በበረታበት፥ መንገዱም ጭቃ በሆነበት ጊዜ ነው። እንግዲህ አስተዋይ አስተዳዳሪ ጨረታውንና ውሉን በክረምት ይጨርሳል፤ ድንጋይ ማንጠፉን፥ የመስኖ ቦይ መቈፈሩንና እርከን መሥራቱን ከመከር በኋላ በበጋ ያደርጋል። ይህን ያላሰበ ግን በጋውን በደብዳቤ ይፈጅና፥ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል በሰኔ ገንዘቡን ለማጥፋት ይቻኮላል። በሰኔ የተጀመረ እርከን ሐምሌ ያፈርሰዋል፤ ለሥራም የተጠራው ገበሬ ከሞፈሩ ተነጥሎ የዘር ቀኑ ያልፍበታል።

ሦስተኛው ጕዳት ከወረቀትና ከመሣሪያ ይመጣል። አንድ ደብዳቤ «5/6/2017» ብሎ ቢጽፍ፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ ልማድ የሚያነበው ግን ጁን 5 ይለዋል፤ ይህም ግንቦት 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ይሆናል። በአሜሪካ ልማድ የሚያነበው ደግሞ ሜይ 6 ይለዋል፤ ይህም ሚያዝያ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በአንድ ቍጥር ሦስት ቀን ተጻፈ፤ በመካከላቸውም ከሰባት ዓመት ተኩል የሚበልጥ ልዩነት አለ። በብድር ውል፥ በልደት ማስረጃ ወይም በመሬት ይዞታ ደብተር እንዲህ ያለ ጽሕፈት ቢገኝ፥ ለጠብና ለክርክር በር መክፈት ነው። ዘመኑንም 7 ወይም 8 በመቀነስ ብቻ የሚያዛውር ሰው ይሳሳታል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበረ፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ቀን ነው። ምክንያቱም አውሮፓውያን በ1900 ዓመታቸው ለፌብርዋሪ 29ኛ ቀን ሳይጨምሩ ስላለፉ ነው። በ2100 ዓመታቸውም እንደዚሁ ስለሚያደርጉ፥ ከዚያ ወዲህ መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 11 ፈንታ በ12 ይውላል፤ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣውም ዓመት በ13 ይሆናል።

ስለ ኮምፒዩተርም «መሣሪያው የኢትዮጵያን ዘመን አይቀበልም» የሚል ምክንያት ይሰማል። ይህ ምክንያት አይጸናም። ከኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ጊዜን የሚቈጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 መግቢያ፥ ማለት በኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፈውን ሰኮንድ በመደመር ነው። እንግዲህ መሣሪያው በውስጡ ወር አያውቅም፤ የወሩ ስም ለሰው ዐይን የሚለበስ ልብስ ነው። የኢትዮጵያን ቀን የሚያወጣ የተዘጋጀ ሥራ በዓለም ሁሉ በሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል። የጐደለው ማዘዝ ነው፤ ፕሮግራም የሚገዛ መሥሪያ ቤት 13 ወር እንዲኖረው፥ ጳጉሜንም ስፍራ እንዲያገኝ በውሉ ካልጻፈ፥ በጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሕፃን በነሐሴ ወይም በመስከረም ይመዘገባል። ብድር ሰጪም ወለዱ በወር ይቈጠር ወይስ በቀን፥ የጳጉሜን ቀኖችም ይገቡ ወይስ አይገቡ ካልገለጸ፥ ያልተማረው ተበዳሪ ሁልጊዜ ይሸነፋል።

መሬቱን ለእኩል ወይም ለሲሶ የሚሰጥ ሰውም ከዚህ ምክር ውጭ አይደለም። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ደጋግሞ መታረስ ይወዳል፤ ገመሳው የዘገየ እርሻ አረሙ ይበዛል። ውሉን እስከ ሰኔ የሚያጓትት ባለ ይዞታ አራሹን የጐዳ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያነሰው እህል ለሁለት ሲካፈል የርሱም ድርሻ አብሮ ያንሳል። ውሉ በጥር ወይም በየካቲት ቢጨረስ፥ አራሹ ተረጋግቶ ያርሳል፤ ባለ መሬቱም ሙሉ አውድማ ያያል።

እንግዲህ በእያንዳንዱ ወረዳ አራት ነገር ቢጸና፥ ያለ አዲስ ወጪ ብዙ ጥቅም ይገኛል። 1ኛ፥ ለገበሬ የሚደርስ ወረቀት ሁሉ የወሩን ስም በፊደል ይጻፍ፤ የውጭ ቀን ያለበት ከሆነም ሁለቱ አቈጣጠሮች ጐን ለጐን ይቀመጡ። 2ኛ፥ በየዓመቱ በመስከረም የዚያ አገር ሽማግሌዎች፥ የእርሻ ባለሙያዎችና የማኅበር ሹማምንት ተቀምጠው የአገሩን የዘር፥ የአረም፥ የአጨዳና የውቂያ ቀን ይጻፉ፤ የዕዳና የግብር ቀጠሮም ከዚህ ጽሕፈት ይውጣ። 3ኛ፥ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከዘር ቀን ወደ ኋላ እየተቈጠረ ይታዘዝ። 4ኛ፥ ዝናም ቢዘገይ ቀጠሮውም የሚዘገይበት መንገድ አስቀድሞ በውሉ ይታሰብ፤ የሜትዎሮሎጂ ትንበያ ለበጋ፥ ለበልግና ለክረምት የሚወጣው ሰዎች እንዲሠሩበት ነውና።

ባላገር ክፉ አጋጣሚ ሲደርስበት «ሰኔና ሰኞ» ይላል። ሰኔ በሰኞ መግባቱን ማንም ሹም ሊከለክለው አይችልም። ነገር ግን የዕዳው ቀን፥ የጾሙ ገበያና የባዶው ጐተራ በአንድ ሳምንት እንዳይገጥሙበት ማድረግ በሹሙ እጅ ያለ ነገር ነው፤ ይህን ያደረገ አስተዳዳሪም ግብሩን ሳይጐድል ይቀበላል፤ ገበሬውም ለሚመጣው ዓመት የሚዘራው ዘር በቤቱ ይተርፈዋል።