ስልኩን ከመቀማታችን በፊት

“የዘንድሮ ልጅ ስልክ ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው” ብሎ የማያማርር ወላጅ ማግኘት ይከብዳል። እኔም አማርራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እሺ፣ ስልኩን ቀማነው እንበል። ልጁ የት ሄዶ ይጫወት?

በመጀመሪያ ጉዳቱ ተረት እንዳልሆነ እንስማማ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። እኛ ቤት ስንት ነው? ሲበላ፣ ታክሲ ውስጥ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሊተኛ ሲል… እስኪ ደምሩት።

ዓይንን እንውሰድ። ልጅ ታብሌት ወይም ኮምፒዩተር ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ነው፤ ስለዚህ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጠዋል። ይህ በእረፍት ይሻላል። የባሰው ሩቁን አጥርቶ ማየት አለመቻል ነው፤ ሐኪሞች ማዮፒያ ይሉታል። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የ1ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የውጪ ክፍለ ጊዜ ተጨመረ። ከ3 ዓመት በኋላ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ችግሩ የያዛቸው ከ100 ልጆች 30 ገደማ ነበሩ፤ በሌሎቹ ግን 40 ገደማ። ልብ በሉ፤ መድኃኒት አልተሰጠም። ልጆቹ ደጅ ወጡ፣ በቃ።

እንቅልፍም እንዲሁ ነው። የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ማታ ዓይኑ ላይ የሚበራው ስክሪን ግን “ገና አልመሸም” እያለ አንጎሉን ያታልለዋል።

ቋንቋስ? ሕፃን አፉን የሚፈታው ሲናገር በሚመልስለት ሰው ነው። ካርቱን ያወራል እንጂ አይመልስም። ቀለማትን በእንግሊዝኛ እየደረደረ “ውኃ ስጪኝ” ማለት ያቃተው ልጅ በየሰፈሩ እያየን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይስተካከል፦ ስልክ ኦቲዝም እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ማገናኘት ያልቻለ ልጅ ካላችሁ፣ ስልክ ነጥቃችሁ አትጠብቁ፤ እናቱንም አትውቀሱ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ስክሪን በራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የሚያስቀረው ነገር ይበልጣል፦ ፀሐይን፣ ሩጫን፣ ወሬን፣ እንቅልፍን። እነዚህን ለልጅ የሚሰጠው ደግሞ ደጅ ነበር። ደጁን ማን ወሰደው?

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢዎችን ተመልከቱ። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በብዙ ግቢ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ኳስ የያዘ ልጅ “መስታወት ትሰብራለህ!” ተብሎ በዘበኛ ይባረራል። መንገድ እንዳይወጣ መኪናው ያስፈራል። በኪራይ ቪላ የተከፈተ ትምህርት ቤት የሚማረው ደግሞ በእረፍት ሰዓት እንኳ መሮጫ የለውም። ብይ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ የት ይጫወቱ? ከሥራ ደክማ የገባች እናት እራት እስክታደርስ ስልክ ብትሰጠው ይገርማል? እኛ ትልልቆቹ ለመኪናችን ቦታ ሰጥተን ለልጃችን ስልክ ሰጠነው።

ስለዚህ ምክሬ ለወላጅ ብቻ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ማኅበራት ኮሚቴዎች ሆይ፣ ቢያንስ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ግማሹን ግቢ ከመኪና ነፃ አድርጉ። ብር አይጠይቅም፤ ስብሰባና ድፍረት ይበቃል። ትምህርት ቤቶች ልጅ ሲያጠፋ እረፍቱን አትከልክሉት። እኛ ቤት ደግሞ በማዕድ ሰዓት ስልክ ይቀመጥ፤ የአባትም ጭምር።

በሚቀጥለው የግቢያችሁ ስብሰባ ስለ ውኃና ስለ ጥበቃ ክፍያ ስትነጋገሩ፣ ይህንንም አንድ አጀንዳ አድርጋችሁ አስይዙ።