እገዳና የስፖርተኛ ዕድሜ

እ.አ.አ በሐምሌ 2022 ካይሮ የዓለም የሻሞላ ሻምፒዮናን ስታስተናግድ፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በዚሁ ስፖርት 3 ወርቅ ያገኙት ሩሲያውያን አልተገኙም። በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ እ.አ.አ በ2022 የተጣለው እገዳ የአገሪቱን የበረዶ ላይ ተንሸራታቾችም ከዓለም መድረክ አርቆ ነበር።

ጉዳዩ ለአፍሪካ እንግዳ አይደለም። በ1976 ኒውዚላንድ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ በመጫወቷ ግብፅም ኢትዮጵያም ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሳቸውን አግልለዋል። ምሩጽ ይፍጠር ሁለቱን ወርቆቹን ያገኘው ከ4 ዓመት በኋላ በሞስኮ ነው።

እገዳው ከፍትሕ ጥያቄ ሊመነጭ ይችላል፤ የዩክሬን ስፖርተኞችም ልምምዳቸው የተስተጓጎለው በፈቃዳቸው አይደለም። ሆኖም በአሥራዎቹ ዕድሜ ብቃቷ ጫፍ ለሚደርስ ተንሸራታች 4 ዓመት መላ የውድድር ዘመኗ ሊሆን ይችላል። ተመልካቹም አሸናፊው ከሁሉ የላቀ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ያጣል። ውሳኔው መንግሥታትን ያነጣጥራል፤ የማይመለሰው ጊዜ ግን የስፖርተኛው ነው።